ኤስ6ን የሚለካ ባለሙያ ከአንቲቦዲው በፊት ምን ያስብ?

የሲዲ4 ቆጠራ ሲሠራ የኖረ የላብራቶሪ ባለሙያ ፍሎው ሳይቶሜትር አያስደነግጠውም። ደም በኢዲቲኤ ቱቦ ይመጣል፣ አንቲቦዲ ይጨመርበታል፣ ቀይ የደም ሴሉ እንዲፈርስ ይደረጋል፣ ማሽኑ ይቆጥራል። ደሙ ጠዋት ተቀድቶ ከሰዓት ቢሠራም ሲዲ4 ከሴሉ ገጽ ላይ ተነሥቶ አይሄድም። ይኸው ባለሙያ ወደ ምርምር ላብ ሲዛወር ወይም ለማስተርስ ጥናቱ የሴል ሥራ ሲጀምር፣ በአሌክሳ ፍሎር 488 ቀለም የተያያዘ የፎስፎ-ኤስ6 አንቲቦዲ በትንሽ ቱቦ ይሰጠዋል። ማሽኑ ያው የሚያውቀው ዓይነት፣ ሌዘሩም ያው የ488 ናኖሜትር ሰማያዊ ሌዘር ነው። ልማዱን ይዞ ከገባ ግን ይሳሳታል።

ኤስ6 የራይቦዞም ትንሹ ክፍል፣ ማለትም የ40ኤስ አካል የሆነ ፕሮቲን ነው። ሴሉ አሚኖ አሲድ፣ ግሉኮስና የዕድገት ምልክት ሲያገኝ ኤምቶር የተባለው ኢንዛይም ኤስ6 ካይኔዝን ያነቃል፤ ካይኔዙ ደግሞ በኤስ6 ጫፍ ባሉት ሴሪኖች ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። አንቲቦዲው የሚይዘው ይህን ፎስፌት የተለጠፈበትን ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚለካው የፕሮቲኑ መኖር ሳይሆን ሴሉ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች የነበረበት ሁኔታ ነው። ሴሉ ሲራብ ፎስፌቱ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሊነሣ ይችላል። በእኔ እምነት በዚህ ሥራ ላይ ከሚበላሹት ውጤቶች አብዛኞቹ የሚበላሹት አንቲቦዲው ከፍሪጅ ሳይወጣ በፊት ነው።

ለምሳሌ ብዙዎቻችን ሴሎቹን ከኢንኩቤተር አውጥተን መጀመሪያ በፒቢኤስ እናጥባለን። ንጹሕ አሠራር ይመስላል። ፒቢኤስ ውስጥ ግን አሚኖ አሲድ የለም። ሁለት ጊዜ አጥቦ፣ ሁለት ጊዜ ሴንትሪፊዩጅ አድርጎ፣ ቆጥሮ ፎርማልዲሃይድ እስኪጨመር ድረስ ሴሉ ተርቧል፤ መለኪያውም ረሃቡን ይመዘግባል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ፎርማልዲሃይዱን ሴሉ ያለበት ሚዲየም ላይ በቀጥታ ይጨምሩ። አምፑሉ 16 በመቶ ከሆነ፣ ለአንድ ሚሊ ሊትር የሴል ናሙና 110 ማይክሮሊትር ያህል ሲገባ መጨረሻው ወደ 1.6 በመቶ ይሆናል። በክፍል ሙቀት 10 ደቂቃ ያቆዩት፣ ከዚያ በኋላ እንደ ልብዎ ይጠቡ። ብዙ ናሙና ካለ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቱቦ እኩል ጊዜ እንዲጠብቁ ተራ በተራ፣ በሰዓት ቆጣሪ ይጨመር። ሥራው በፊዩም ሁድ ሥር መሆኑን ለባለሙያ መንገር አያስፈልግም፤ ግን ሁዱን ዕቃ ማስቀመጫ ያደረጉ ላቦችን ስላየሁ ነው።

ከአንድ ቀን በፊት የተደረገውም ይቆጠራል። ሚዲየሙ ዛሬ ጠዋት የተቀየረለት ሴልና ሦስት ቀን በአሮጌ ሚዲየም ተጨናንቆ ያደረ ሴል እኩል ፎስፎ-ኤስ6 አያሳዩም። ሁለቱን በአንድ ግራፍ ላይ አስቀምጦ ልዩነቱን የመድኃኒቱ ውጤት ነው ማለት ራስን ማታለል ነው። ከሰው ደም የሚጀምሩ ከሆነም የሲዲ4 ልማድ የሆነውን ኢዲቲኤ ይተዉት። ኢዲቲኤ ካልሲየሙን ስለሚይዝ ሴሉን ለማነቃቃት ሲሞከር እንቅፋት ይሆናል፤ ሄፓሪን ይሻላል።

ኤስ6 ያለው በሴሉ ውስጥ ስለሆነ አንቲቦዲው እንዲገባ ሽፋኑ መከፈት አለበት። ለፎስፎ ፕሮቲኖች የተለመደው በረዶ ላይ የቀዘቀዘ 90 በመቶ ሜታኖል ነው። እዚህ ላይ እጅ ይፈተናል። ሜታኖሉ በአንድ ጊዜ ከተደፋ ሴሎቹ ተጣብቀው ይጓጉላሉ። ቱቦውን ቮርቴክስ ላይ በዝግታ እያንቀጠቀጡ ጠብ ጠብ እያደረጉ ይጨምሩ፤ ቢያንስ 10 ደቂቃ በረዶ ላይ ይቆይ። ከሜታኖል በኋላ ሴሎቹ እንደ ቀድሞው አይዘቅጡም፤ ዝቃጩ ስስ ሆኖ በቱቦው ግድግዳ ላይ ይዘረጋል። የሴንትሪፊዩጁን ፍጥነት ከፍ ያድርጉ፣ ፈሳሹንም ገልብጦ ከመድፋት ይልቅ በፒፔት ቀስ ብለው ይሳቡ። ሜታኖል አንድ መልካም ጎንም አለው፤ ማሽኑ በሌላ ሰው ተይዞ ከሆነ ወይም መብራት ከጠፋ ናሙናው በሜታኖል ውስጥ እንዳለ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለቀናት ሊጠብቅዎት ይችላል።

ክፉ ጎኑ ቀለሞችን መምረጡ ነው። ለሲዲ4 የለመዱት ፒኢ፣ እንዲሁም ኤፒሲ፣ ራሳቸው ፕሮቲን ስለሆኑ ሜታኖል ያበላሻቸዋል። ጂኤፍፒ ያለው ሴል ከሆነም ችግሩ ሁለት ነው፤ ሜታኖሉ ብርሃኑን ያጠፋዋል፣ የተረፈው ካለ ደግሞ ከአሌክሳ 488 ጋር በአንድ ቻናል ይጋጫል። እንዲህ ላለው ሴል ቀለሙ አሌክሳ 647 ቢሆን ይሻላል።

አሁን ወደ ኮንትሮል። አይሶታይፕ ብቻ ጨምሮ "ኮንትሮል አለኝ" የሚል ሰው ብዙ ነው። አይሶታይፕ አንቲቦዲው የትም መጣበቁን እንጂ ፎስፌቱን በትክክል መለየቱን አያሳይም። ለኤስ6 የሚያስተማምነው ራፓማይሲን ነው፤ በ1964 በካናዳ ጉዞ ከራፓ ኑይ ደሴት ከተወሰደ አፈር በተገኘ ባክቴሪያ የሚመረት፣ ዛሬ ኩላሊት ለተተከለላቸው ሰዎችም የሚሰጥ መድኃኒት። ከሚለካው ሴል ከፊሉን በ100 ናኖሞላር ራፓማይሲን ለአንድ ወይም ሁለት ሰዓት ያቆዩ፣ ለቀሪው ያንኑ መጠን ዲኤምኤስኦ ብቻ ይስጡ። የራፓማይሲኑ ቱቦ ወደ ግራ ካልወረደ ሌላውን ውጤት ለማንበብ አይቸኩሉ። የአንቲቦዲውን መጠንም በዚሁ ይምረጡ። ወረቀቱ 1 ለ50 ቢልም 1 ለ100ን፣ 1 ለ200ን፣ 1 ለ400ን ይሞክሩ፤ በሁለቱ ቱቦዎች መካከል ሰፊውን ርቀት የሚሰጠው ነው ትክክለኛው፣ በጣም የሚያበራው አይደለም። አንቲቦዲ በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ ላብ ይህ የአንድ ቀን ሙከራ ቱቦውን በእጥፍ ሊያራዝምለት ይችላል።

ራፓማይሲን ሰጥተውም ምልክቱ ከፊሉ ብቻ ከወረደ አንቲቦዲውን ከመውቀስዎ በፊት የትኛውን ሴሪን እንደሚይዝ መለያ ወረቀቱ ላይ ይመልከቱ። ሴሪን 235 እና 236 ላይ ከኤስ6 ካይኔዝ ሌላ በኢአርኬ መንገድ የሚነቃው አርኤስኬም ፎስፌት ይለጥፋል። ሴሎቹን በፒኤምኤ ያነቃቃ ሰው ይህንን ሳያውቅ "ራፓማይሲኑ አልሠራም" ይላል። ጥያቄዎ ስለ ኤምቶር ብቻ ከሆነ 240 እና 244ን የሚይዘውን ያዝዙ። ፎስፌት ቢኖርም ባይኖርም ኤስ6ን የሚይዝ ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ ግዢ ክፍል "ኤስ6 አንቲቦዲ" የሚል መጠየቂያ ከደረሰው የቱን እንደሚያመጣ እግዜር ይወቅ። የካታሎግ ቁጥሩንና የክሎኑን ስም ይጻፉ።

ማስቀመጡ ቀላል ነው። ቀለም የተያያዘበት አንቲቦዲ 4 ዲግሪ ላይ፣ በጨለማ፤ ፍሪዘር ውስጥ አይገባም። ሲቀቡም ቱቦውን በፎይል ይጠቅልሉ።

ውጤቱን ሲጽፉ ሂስቶግራሙን ሳያዩ ወደ ቁጥር አይሂዱ። ሊምፎሳይቶች ላይ ፎስፎ-ኤስ6 ብዙ ጊዜ ሁለት ጉብታ ያወጣል፤ የነቁትና ያልነቁት ተለይተው ይቆማሉ። እንዲህ ሲሆን አማካዩ ማንም ሴል የሌለበት መሐል ላይ ሊያርፍ ስለሚችል የነቁት ስንት በመቶ እንደሆኑ ይዘግቡ፤ መስመሩንም በራፓማይሲኑ ቱቦ ላይ ያስምሩ። አንድ ጉብታ ሆኖ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ የሚንሸራተት ከሆነ ግን ሚዲያኑን ወስደው ለራፓማይሲኑ ቱቦ ሚዲያን ያካፍሉ፤ የማሽኑ ቮልቴጅ ትናንትና ዛሬ አንድ ካልነበረ ጥሬው ቁጥር ከቀን ቀን አይወዳደርምና።