የአያትሽን ቤት ከማፍረስሽ በፊት

ልጄ፣ የአያትሽ ክብ ቤት በውርስ ለአንቺ መድረሱን፣ ጣሪያውም ማፍሰስ መጀመሩን ሰማሁ። «አፍርሰሽ በብሎኬት ሥሪው» የሚሉሽ ሰዎች እንዳሉም ነገሩኝ። አንቺ ግን «ብጠግነው መንግሥት ከግብሬ ይቀንስልኛል ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽ። ዕድሜዬን ከማዘጋጃ ቤት መዝገብ ጋር ያሳለፍሁ ሰው ነኝና የማውቀውን ልንገርሽ።

1. መጀመሪያ የያዝሽው ምን እንደሆነ እወቂ። የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍሩ ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ነበሩ። ዩኔስኮ ስለ ቅርሱ የጻፈው ሰነድ ግን በአብያተ ክርስቲያናቱ ብቻ አያበቃም፤ በአካባቢው ቀይ ድንጋይ የተሠሩትን ባለ ሁለት ደርብ የላስታ ክብ ቤቶችም ያነሣል። የአያትሽ ቤት ከእነዚህ አንዱ ነው። ግንቡ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ነው። ምድር ቤቱ የከብትና የእህል፣ ላይኛው የሰው ማደሪያ ነው፤ መውጫው በውጭ በኩል ግንቡን ተከትሎ የሚዞር የድንጋይ ደረጃ ነው። ስትወጪ የደረጃውን ድንጋዮች አስተውዪ፤ መሐል መሐላቸው በእግር ብዛት ተሰርጉዷል፤ ጠርዛቸው ግን ጠራቢው እንደተዋቸው ነው። በሩ ራስ ላይ ያለው ጥድ በጭስ ጠቁሮ እንደ ብረት ጠንክሯል። «አፍርሰሽ ሥሪው» የሚሉሽ ሰዎች ይህን ግንበኛ፣ ይህን ጥድ፣ ይህን ሣር ዛሬ ከየት እንደሚያመጡልሽ ጠይቂያቸው።

2. ቤቱ የአንቺ ቢሆንም ሕግ አለበት። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በመንግሥትም በግለሰብም እጅ ሊሆን እንደሚችል ይቀበላል። ባለቤቱ በራሱ ወጪ እንዲጠብቀው ግዴታ ይጥልበታል፤ መጠገን ሲፈልግም አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ እንዲያገኝ ያዝዛል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ «ግዴታ ብቻ!» ብሎ ይበሳጫል። ሆኖም ያው አዋጅ የጥገናው ወጪ ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ከፊሉን የሚሸፍንበትን በር ከፍቷል። ይህን አንቀጽ የሚያነበው ጥቂት ነው፤ አንብቦ የሚጠይቀው ደግሞ ከዚያም ያነሰ። አንቺ ጠይቂ። በቃል ሳይሆን በማመልከቻ፣ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም አስገብተሽ፣ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ግልባጭ አድርገሽ ጠይቂ። መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ሳይሰጥሽ፣ ማኅተም ያረፈበት ቅጂም እጅሽ ሳይገባ ከቢሮው አትውጪ። የተከለከልሽው እንኳ በጽሑፍ ከሆነ ነገ ይግባኝ የምትይበት ይኖርሻል።

3. የቤቱን ወረቀት ሳታስተካክዪ ድንጋይ አታንሺ። ከወንድምና እኅቶችሽ ጋር የውርስ ድርሻችሁን ጨርሱ፤ የወራሽነት ማስረጃውን ከፍርድ ቤት፣ የይዞታ ካርታውን ከማዘጋጃ ቤት በስምሽ አውጪ። ቅናሽም ሆነ ድጎማ የሚሰጠው ለባለመብት ነው። የባለቤትነት ነገር ሲድበሰበስ ቤት ምን እንደሚሆን አይተናል። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ የከተማ ቤቶችን ሲወርስ፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ወደ ቀበሌ ሄዱ። ኪራዩ ለዘመናት ሳይነካ ቆየና ከእሱ የሚሰበሰበው የአንድ ጣሪያ ቀዳዳ እንኳ የማይደፍን ሆነ። ተከራዩ ቤቱ የእኔ አይደለም ብሎ አይጠግንም፤ ቀበሌውም ከምኑ ይጠግን? ከአዲስ አበባ ፒያሳ እስከ ጎንደር ድረስ ስንት መልካም ቤት በዚህ መሐል አለቀ።

4. የግብር ቅናሽ የሚጠቅመው ግብር ለሚከፍል ሰው ነው። ይህን አጥብቀሽ ያዢው፤ ከምነግርሽ ሁሉ ዋናው እሱ ነው።

ላሊበላ በእንግዳ የምትኖር ከተማ ናት። አስጎብኚው፣ የሆቴሉ አስተናጋጅ፣ ጫማ ጠባቂው፣ መስቀልና ነጠላ ሻጩ፣ ሁሉም ዓይኑ መንገደኛው ላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ መጣ፤ በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ድረስ ዘለቀ፤ ከዚያም ወዲህ ሰላሙ ሲናጋ እንግዳው ራቀ። ገቢው የተቋረጠበትን ሰው «ቤትህን ጠግን፣ ከግብርህ እንቀንስልሃለን» ብትዪው ከምኑ ትቀንሺለታለሽ? ስለዚህ «የግብር ማበረታቻ ይሰጠን» ብሎ መጮህ ብቻውን ለላስታ አይበቃም። ለማን፣ ከየትኛው ግብር፣ በምን መንገድ የሚለውን አስቀድመሽ ማወቅ አለብሽ።

ቤቱን ጠግነሽ አከራየሽው እንበል። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የኪራይ ገቢ ራሱን የቻለ ግብር አለበት። የሒሳብ መዝገብ የማይዝ አከራይ ከጠቅላላ ኪራዩ የተወሰነ ድርሻ እንደ ወጪ ይያዝለታል። ጣሪያውን ሙሉ ለሙሉ የቀየረውም፣ አንድ ድንጋይ ያልነካውም እኩል ድርሻ ያገኛል። በሌላ አነጋገር አዋጁ ጠጋኙንና ቸል ባዩን አይለይም። መዝገብ የያዘ አከራይ ግን ለጥገና፣ ለእድሳት፣ ለመድን ያወጣው እውነተኛ ወጪ ይቀነስለታል። እንግዲህ ትልቁን ሥራ በምትሠሪበት ዓመት መዝገብ መያዝ ሊያዋጣሽ ይችላል፤ ከሒሳብ አዋቂ ጋር ቁጭ ብለሽ በሁለቱም መንገድ አስሊው።

ምድር ቤቱን የመስቀልና የነጠላ ሱቅ ብታደርጊው ደግሞ ሌላ ነው። በዚያው አዋጅ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500 ሺህ ብር በታች የሆነ ነጋዴ ደረጃ ሐ ተብሎ በግምት፣ በቁርጥ ነበር የሚከፍለው። በቁርጥ ግብር ውስጥ የሣር ክዳን ወጪ የሚጻፍበት ቦታ የለም። ደረጃውም መቶኛውም በየጊዜው ስለሚሻሻል የዓመቱን ሕግ ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጠይቂ እንጂ ጎረቤት እንዳወራው አትሂጂ።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ያለው ነጋዴ ዘመድሽ «ጥገናውን እኔ እችላለሁ» ቢልሽ ገንዘቡን በእጅሽ ከመቀበልሽ በፊት አስቢበት። ለአንቺ የሰጠው ስጦታ ከግብሩ አይቀነስለትም። በሕግ ለተመዘገበ አገር በቀል የበጎ አድራጎት ድርጅት የሰጠው ግን ግብር ከሚከፈልበት ገቢው እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪ ሊያዝለት እንደሚችል አዋጁ ይፈቅዳል። የሰፈራችሁ ሰዎች ለክብ ቤቶቹ አንድ ማኅበር ብታቋቁሙና ሕጋዊ ምዝገባ ብታገኙ፣ ይህ ዛሬ ክፍት ያለ መንገድ ነው።

5. የሌላውን አገር ሕግ እዪ፤ እንዳለ ግን አትገልብጪው። አሜሪካኖች ከ1986 እ.ኤ.አ. ወዲህ ታሪካዊ ሕንጻን አድሶ ለገቢ ለሚያውል ሰው ካወጣው ገንዘብ 20 በመቶውን ከፌደራል ግብሩ ላይ ይቀንሱለታል። ልብ በዪ፣ የሚቀነሰው ከገቢው ሳይሆን ከሚከፍለው ግብር ከራሱ ነው። የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎታቸው ዕቅዱን መርምሮ፣ ሲያልቅም ሥራውን አይቶ ማጽደቅ አለበት። የሚወጣው ገንዘብም ከሕንጻው ቀሪ ዋጋ ወይም ከ5,000 ዶላር፣ ከሁለቱ ከሚበልጠው፣ መብለጥ አለበት። ባለቤቱ በአምስት ዓመት ውስጥ ቢሸጠው ከተቀነሰለት ላይ ይመልሳል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበትን ቤት አይጨምርም። ይህን ገልብጠን ላስታ ብናመጣው የአያትሽ ቤት ከነጭራሹ ውጭ ይቀራል፤ እዚህ አገር ክብ ቤቱን እስከ ዛሬ ያቆየው በውስጡ የሚኖር ሰው ነውና። ከፈረንሳይም የምንወስደው አንድ ነገር አለ፤ በ1962 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ በባህል ሚኒስትሩ በአንድሬ ማልሮ ስም የሚጠራው ሕግ አንድ ቤት ለብቻው ሳይሆን ሰፈሩን በሙሉ ጠበቀ። በአራት ባለ ፎቅ ሆቴል መሐል ብቻውን የቀረ ክብ ቤት የላስታን መንደር አያሳይም።

6. ክፉ ጥገና ካለመጠገን ይብሳል። በ1940ዎቹ ዓ.ም. አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ ለማዳን ተብሎ ዐለቱ ላይ ሬንጅ ተቀባ። ሬንጁ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ያዘው፤ ዐለቱም ተጎዳ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ ከባልደረቦቹ ጋር ሲመጣ ከዋና ዋና ሥራዎቹ አንዱ ያንን ሽፋን ማንሣት ሆነ። የሠሩት ሰዎች ክፋት አልነበራቸውም፤ ድንጋዩ እንደሚተነፍስ አልተረዱም እንጂ።

በአንቺ ቤት የሬንጁን ቦታ የሚይዘው ሲሚንቶ ነው። በጭቃ የተያያዘን ግንብ ከውጭ በሲሚንቶ ስትለስኚው ከላይ የገባው ውኃ መውጫ ያጣል። ጭቃው ውስጥ ውስጡን ይላላል፤ በሦስተኛው በአራተኛው ክረምት ግንቡ ሆድ ያወጣል። ሆድ ካወጣ ደግሞ መናዱ ነው። ጭቃውን ጭድ አስገብቶ የሚያቦካ፣ ደጋግሞ የሚረግጥ፣ ድንጋይን በድንጋይ የሚያስር ግንበኛ ፈልጊ፤ ሽማግሌ ከሆነም ወጣት ረዳት አስይዢው፣ የረዳቱንም ቀን ክፈዪ። ሣር ጠፍቶ ክረምቱ ከደረሰብሽ ደግሞ አስፈቅደሽ ለጊዜው ቆርቆሮም ቢሆን አልብሺው። በዚህ የማይስማሙ ባለሙያዎች ይኖራሉ። እኔ ግን ግንቡ ከተረፈ ሣሩ ይመለሳል፣ ግንቡ ከወደቀ የሚመለስ ነገር የለም እላለሁ።

ሥራው ሳይጀመር ቤቱን ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ አንሺ፤ በየደረጃው፣ ሲያልቅም እንዲሁ። የመንደር ግንበኛ ደረሰኝ የለውምና ውል ጻፊ፤ ምን እንደሚሠራ፣ በስንት ብር፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ምስክር ፈርሞበት። ሚስማርና እንጨት ስትገዢ ደረሰኝ ሳትቀበዪ አትክፈዪ። ነገ ቅናሽ የሚባል ነገር ሲመጣ መርማሪው የሚያየው ዕንባሽን ሳይሆን ይህን ዶሴ ነው።

7. ዛሬ ያለው ማበረታቻ ወዴት እንደሚገፋ ተረጂ። ሆቴልና ሎጅ ለሚሠራ ባለሀብት የካፒታል ዕቃውን ከቀረጥ ነፃ የማስገባት ዕድል ለዓመታት ሲሰጥ ኖሯል። የአያትሽ ቤት ከውጭ የሚያስመጣው ነገር የለውም። ድንጋዩ ከዚሁ፣ ጭቃው ከዚሁ፣ የቀረው የሰው ጉልበት ነው። ለአገሬው ግንበኛ የተከፈለ ብር ግን ቀረጥ የለበትምና «ከቀረጥ ነፃ» የሚለው ቃል አይነካውም። እንግዲህ መንግሥት ሳያስበው አዲሱን ረድቶ አሮጌውን ትቷል። ይህ ትክክል አይደለም፤ በየስብሰባውም ልንናገረው ይገባል።

8. የንብረት ታክሱ ሳይደርስብሽ አንቺ ድረሺበት። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። ታክሱን ጥሎ የሚሰበስበው ክልሉና ከተማው ነው። እስከ ዛሬ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ስንል የኖርነው ቀላል ነበር፤ አዲሱ ግን የንብረቱን ዋጋ ተከትሎ የሚሄድ ነው። ቤትሽ ያለው አብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ፣ የቦታ ዋጋ በሚወደድበት ነው። ቦታው በጨመረ ቁጥር ታክሱ ከጨመረና ቤቱ ገቢ ከሌለው፣ ባለቤቱ ወይ ይሸጣል ወይ ያፈርሳል። ለጥበቃ የቆመ ከተማ በገዛ እጁ ቤቱን የሚያስፈርስ ታክስ እንዳይጥል የምትነግሩት እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ የክብ ቤት ባለቤቶች ተሰባሰቡና የክልሉ ዝርዝር ሕግ ከመጽናቱ በፊት ጥያቄያችሁን ለከተማው ምክር ቤት አቅርቡ። በቅርስነት ተመዝግቦ ባለቤቱ የሚኖርበት ክብ ቤት ከንብረት ታክስ ነፃ ይሁን። የሚያከራየውም ሰው በተፈቀደለት መንገድ ጠግኖ ሲጨርስ፣ ባለሙያ አይቶ ሲመሰክርለት፣ ካወጣው ከፊሉ ከኪራይ ግብሩ ይቀነስለት። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ አዋጅ ማሻሻል ስለሚፈልግ ረጅም መንገድ ነው፤ ቢሆንም ጠይቁ። ግብር የሌለበት ድሀ ባለቤት ደግሞ ቅናሽ አይበጀውምና በሣር፣ በጥድ፣ በግንበኛ ቀን ይታገዝ። የዚህን በር አዋጅ 209 አስቀድሞ ከፍቶታል። «ከተማው ገቢ ያጣል» የሚል ቢነሣ፣ የተረፉትን ክብ ቤቶች እየዞራችሁ ቁጠሩና ዝርዝሩን አስቀምጡለት። ከከተማው ቤት ሁሉ ጋር ሲተያይ የሚታጣው ታክስ ትንሽ መሆኑን በዓይኑ ያየዋል።

9. ቤቱን ባዶ አታስቀምጪው። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ለቅርሱ ጥበቃ ተብሎ ተነሥተው ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል፤ ሰው ያልቀረባቸው ክብ ቤቶችም አሉ። እሳት የማይነድበት ቤት ሣሩ ይበሰብሳል፤ ማገሩንም ምስጥ ይበላዋል፤ ጭሱ ነበር የሚጠብቀው። ለሥራ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ብትሄጂ ዘመድ አስገቢበት። ኪራይ አትጠይቂው፤ ምድጃውን እንዲያነድድ፣ በየዓመቱ ከሰኔ በፊት ወጥቶ ክዳኑን እንዲያይ፣ የላላውን እንዲያስር ብቻ ተዋዋዪው። ውሉንም ጽፈሽ አንዱን ቅጂ ከካርታው ጋር አኑሪ።