ሌኮክ፦ ባለርስቱ አንድ የነበረ መንደር

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዊልትሸር፣ ከቺፐናም ከተማ ወደ ደቡብ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ሌኮክ ይገኛል። መንደሩ አራት መንገድ ነው፦ ሃይ ስትሪት፣ ዌስት ስትሪት፣ ቸርች ስትሪትና ኢስት ስትሪት። አራቱ ተያይዘው አራት ማዕዘን ይሠራሉ፤ ዞሮ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ፎቶ ብቻ የሚፈልግ ጎብኚም በዚያው ጊዜ ጨርሶ ይመለሳል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ግማሽ ቀን ሰጥቶ ቤቶቹን አንድ በአንድ ማየት ለሚፈልግ ሰው ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመንደሩ መንገዶች ላይ የተንጠለጠለ የኤሌክትሪክ ሽቦም ሆነ ጣሪያ ላይ የቆመ የቴሌቪዥን አንቴና ዓይን አይረብሽም። የፊልም ሰዎች የሚመላለሱበትም ለዚህ ነው። በ1995 የታየው የቢቢሲ «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ»፣ የ«ሃሪ ፖተር» ፊልሞችና የ2019ኙ «ዳውንተን አቢ» እዚህ ተቀርጸዋል።

እንዴት ሳይፈርስ ቆየ?

መንደሩን ያበለጸገው ሱፍ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የገበያ ፈቃድ አግኝቶ፣ በበግ ጠጉርና በሽመና ነጋዴዎቹ ደህና ደህና ቤት ሠሩ። በኋላ ሽመናው ወደ ፋብሪካ ሲገባ ገንዘቡም አብሮ ሄደ። አሮጌውን አፍርሶ አዲስ የሚሠራ ሀብታም ጠፋ። ሁለተኛው ምክንያት የመሬት ጉዳይ ነው፤ ቤቱም መሬቱም በአንድ ባለርስት እጅ ነበር። መጀመሪያ በመንደሩ የነበረው የመነኮሳይያት ገዳም፣ ቀጥሎ ገዳሙ ሲዘጋ የገዛው ሰር ዊልያም ሻሪንግተን፣ ከዚያም የታልቦት ቤተሰብ። ነዋሪው ኪራይ ከፋይ ስለነበረ እንደፈለገ የሚያፈርሰው፣ ቆርሶም የሚሸጠው ነገር አልነበረውም። በ1944 ወራሿ ማቲልዳ ታልቦት ገዳሙንም መንደሩንም ቅርስ ለሚጠብቀው ለናሽናል ትረስት ሰጠች። ዛሬም በአብዛኞቹ ቤቶች ውስጥ ለዚሁ ድርጅት ኪራይ የሚከፍሉ ሰዎች ይኖራሉ።

አደራረስ

ከለንደን ፓዲንግተን ጣቢያ እስከ ቺፐናም ባቡሩ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ከቺፐናም ወደ ትሮውብሪጅ የሚሄደው አውቶብስ ሌኮክ ያወርዳል፤ የመመለሻውን ሰዓት ሳይወርዱ በፊት ይጠይቁ፤ በተለይ እሑድ። በመኪና ከሆነ መንደሩ ውስጥ ለማቆም አይታገሉ፤ ከመንደሩ ጫፍ ላይ የናሽናል ትረስት የመኪና ማቆሚያ አለ። መንገዶቹን መዞር በነፃ ነው። ቲኬት የሚያስፈልገው ለገዳሙና ለሙዚየሙ ሲሆን፣ የሚከፈቱበት ሰዓት እንደ ወቅቱ ስለሚለያይ አስቀድሞ በድረ ገጻቸው ማየት ይሻላል። በበጋ ቅዳሜና እሑድ መንደሩ ይጨናነቃል፤ ጠዋት በጊዜ የደረሰ ሰው ግን ጎዳናውን ለብቻው ያገኘዋል።

ሃይ ስትሪት

ጉዞዎን ሃይ ስትሪት ከኢስት ስትሪት ጋር ከሚገናኝበት ጥግ፣ ከአሥራት ጎተራው ይጀምሩ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው። ገበሬው ካመረተው ከአሥር አንዱን፣ እህሉንም፣ ቆዳውንም፣ ጠጉሩንም፣ ለገዳሙ የሚያስገባው እዚህ ነበር። በሩ ክፍት ከሆነ ይግቡና ወደ ላይ ይመልከቱ። ጣሪያውን የተሸከሙት ጎባጣ የኦክ ምሰሶዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ጫፋቸው ላይ ይገናኛሉ። የዘመኑ አናጢ ለዚህ ሥራ ጎባጣ ዛፍ መርጦ ግንዱን ለሁለት ይሰነጥቀው ነበር፤ አንዱ ወገን ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ሲቆም ጉብጠታቸው አንድ ዓይነት ይሆናል። ጎተራው ስምንት ክፍል ነው፤ ወለሉ የተደለደለ አፈር ነው።

ከጎተራው አጠገብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራች፣ ጣሪያዋ ክብ የሆነ የድንጋይ ክፍል አለች። የመንደሩ እስር ቤት ነበረች። ሰክሮ የረበሸ ሰው እዚህ አድሮ ሲበርድለት ይለቀቃል።

አሁን ፊትዎን ወደ ሃይ ስትሪት ያዙሩ። ሬድ ላየን የተባለው መጠጥ ቤት በቀይ ጡብ የተሠራ ፊት አለው፤ መስኮቶቹ ትልልቅና እኩል እኩል ተሰልፈዋል። ይህ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ፋሽን ነው። ከእሱ አለፍ ሲሉ ጥቁር እንጨትና ነጭ ግድግዳ ያላቸው የቆዩ ቤቶች፣ ከዚያ ደግሞ የድንጋይ ቤቶች ይከተላሉ። የእንግሊዝን የቆየ ጎዳና ለማየት አንድ ዘዴ ይያዙ፦ ፊቱን አይመኑ። ገንዘብ ያገኘ ሰው ቤቱን ሳያፈርስ ፊቱን ብቻ በጡብ ያለብሰው ነበር። የቤቱን ዕድሜ የሚናገሩት የጎኑ ግድግዳ፣ የጣሪያው ቁልቁለትና የጭስ ማውጫው ናቸው።

በእንጨት የተዋቀሩትን ቤቶች ጠጋ ብለው ይመልከቱ። በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ነጭ ግድግዳ ሲሠራ ቀጫጭን እንጨት ተጎንጉኖ፣ ጭድና እበት የገባበት ጭቃ ተለስኖበት ነው፤ አገራችን የጭቃ ቤት ሲመረግ ያየ ሰው ሥራውን ወዲያው ያውቀዋል። ልዩነቱ ዋናው እንጨት ኦክ መሆኑና ከላይ በኖራ መቀባቱ ነው። የአንዳንዶቹ ፎቅ ከምድር ቤቱ አልፎ ወደ መንገዱ ይወጣል። ጣሪያቸውን የሸፈነው ጠፍጣፋ ድንጋይ ደግሞ በመጠን የተደረደረ ነው፤ ትልልቁ ከታች፣ እያነሰ ሄዶ ትንንሹ ከጫፉ ላይ። ይህን ክብደት ለዘመናት ሲሸከም የጎበጠ ጣሪያ እዚህ ብርቅ አይደለም።

ዌስት ስትሪትና ቸርች ስትሪት

ሃይ ስትሪት ሲያልቅ ወደ ቀኝ ታጥፈው ዌስት ስትሪት ላይ ጆርጅ ኢንን ያገኛሉ። ምሳ ለመብላት ባያስቡም ምድጃውን ለማየት ይግቡ። ከምድጃው ጋር አንድ የእንጨት ተሽከርካሪ ተገጥሟል። ውሻ ውስጡ ገብቶ ሲራመድ ተሽከርካሪው ይዞራል፤ ከእሱ ጋር የተያያዘው ብረት ደግሞ በእሳቱ ላይ ያለውን ሥጋ እያገላበጠ ይጠብሳል። እንግሊዞች ለዚሁ ሥራ ብለው እግረ አጭር ውሻ ያረቡ ነበር። በመሣሪያ የሚዞር መጥበሻ ሲመጣ ውሻውም ዘሩም ጠፋ።

ቸርች ስትሪት የመንደሩ ጥንታዊ ቤቶች የሚበዙበት መንገድ ነው። ሳይን ኦቭ ዘ ኤንጀል የተባለው የ15ኛው ክፍለ ዘመን ማረፊያ ወደ ጓሮው የሚያስገባ የፈረስ መተላለፊያ አለው። ክረክ ሀውስ የሚባለው ቤት ደግሞ ጎተራው ውስጥ ያዩትን ጎባጣ ምሰሶ በጎኑ ግድግዳ ላይ ገልጦ ያሳያል። ሁለቱም ዛሬ የሰው መኖሪያና መተዳደሪያ ናቸው፤ ክረክ ሀውስን ከመንገድ ሆነው ይዩት።

መንገዱ መጨረሻው ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው በሩ ላይ ቆም የሚልበት ምክንያት አለው፤ ቤተ ክርስቲያኑ የተሰየመው በሕፃኑ ሰማዕት በቅዱስ ቂርቆስ ነው። ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር እኛ ሐምሌ 19 የምናስበው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ክፍለ ከተማ በስሙ የሚጠራው ያው ሕፃን ነው። ውስጡ የሰር ዊልያም ሻሪንግተን መቃብር ይገኛል። ይህ ቤተ ክርስቲያን ከ400 ዓመት በላይ ሲቆርብበት የኖረው የ15ኛው ክፍለ ዘመን የብር ጽዋ በ2013 ለብሪቲሽ ሙዚየምና ለዊልትሸር ሙዚየም በጋራ ተሽጧል፤ መጀመሪያ የተሠራው ለግብዣ ማዕድ ነበር።

ገዳሙ

ገዳሙን በ1232 የመሠረተችው ባላባቷ የሳልስበሪ ካውንተስ ኤላ ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ የዊልትሸር ሸሪፍ ሆና አገር አስተዳደረች፤ ኋላም መንና ለራሷ ገዳም እመ ምኔት ሆነች። ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ የእንግሊዝን ገዳማት ሲዘጋ ይህም በ1539 ተዘጋ። ሻሪንግተን ገዝቶ ቤተ መቅደሱን አፈረሰ፤ መነኮሳይያቱ ይመላለሱበት የነበረውን ባለ ቅስት መተላለፊያ ግን ትቶ የቀረውን መኖሪያው አደረገው። ስምንት ማዕዘን ያለው ግንብና በግቢው ያለው የቢራ መጥመቂያ የእሱ ሥራ ናቸው። ከገዳሙ ክፍሎች በአንዱ ውስጥ በ1500 የተሠራ ግዙፍ የነሐስ ጋን ቆሟል፤ የ«ሃሪ ፖተር» ወዳጆች ያውቁታል።

ፎቅ ላይ፣ በደቡቡ አዳራሽ፣ ከግድግዳው ወጣ ያለች አንዲት መስኮት አለች። በነሐሴ 1835 የቤቱ ጌታ ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በትንሽ የእንጨት ሳጥን ፎቶ ያነሳት እሷን ነው። የቴምብር ያህል የምትሆነው ያቺ ወረቀት እስከ ዛሬ ከተረፉት የፎቶግራፍ ኔጋቲቮች ሁሉ ቀዳሚዋ ናት። ከአንድ ኔጋቲቭ ብዙ ፎቶ የማተም ጥበብ የተጀመረውም በታልቦት ሥራ ነው። መግቢያው ላይ ያለው ሙዚየም ታሪኩን ያስረዳል፤ ሙዚየሙን አስቀድመው ካዩ መስኮቷን ሲያዩ ምን እንደሚያዩ ያውቃሉ።

ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

• የመንደሩ ሰው እንደማንም ሰው ቤቱ ውስጥ ነው። በመስኮት አጮልቆ ማየት፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ፎቶ መነሳት ነዋሪውን ያስከፋል። በናሽናል ትረስት መሬት ላይ ድሮን ማብረር ክልክል ነው።

• የገጠር መጠጥ ቤቶች ወጥ ቤት በምሳና በእራት መካከል ብዙ ጊዜ ይዘጋል፤ ምሳዎን አያዘግዩ። ጾም ከሆነ «ቪጋን» ብለው ይጠይቁ፤ «ቬጀቴሪያን» ካሉ ቅቤና አይብ ይመጣልዎታል።

• የእግረኛ መንገዱ ወጣ ገባ ነው፤ የቤቶቹ በር ዝቅተኛ፣ ደፋቸው ከፍ ያለ ነው። ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም ሰው መንገዶቹን ይዘልቃል፤ ወደ ቤቶቹ ውስጥ መግባቱ ግን ያስቸግራል።

• ፊልም ሲቀረጽ መንገድ ሊዘጋ ይችላል፤ ከመነሳትዎ በፊት ይጠይቁ።

• ባዝ ከተማ ከቺፐናም በባቡር ሩብ ሰዓት አይሞላም። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበትና ኋላ ለከተማው በስጦታ የሰጡት ፌርፊልድ ሀውስ እዚያ ነው። ሁልጊዜ ክፍት ስላልሆነ የጉብኝቱን ቀን አረጋግጠው ሁለቱን ቦታዎች በአንድ ቅዳሜና እሑድ ማቀናጀት ይቻላል።

ያለዎት አንድ ሰዓት ብቻ ከሆነ ገዳሙን ለሌላ ጊዜ ይተዉት፤ ቲኬቱም በአንድ ሰዓት አያዋጣም። ጎተራውን፣ የጆርጅ ኢንን ምድጃና ቂርቆስን ይዩ። ገዳሙ የባለርስቱን ታሪክ ይነግራል፤ አሥራት የከፈለው፣ ሥጋ የጠበሰውና የተሳለመው ሕዝብ ግን የነበረው በእነዚህ በሦስቱ ውስጥ ነው።