ቤት እየፈረሰ እዚያው ማደር

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምንኖረው ደባርቅ ነው። ከባለቤቴ አያት የቆየውን የጭቃ ቤት አፍርሰን በብሎኬት ልንሠራ ጀምረናል። ሌላ ቤት ለመከራየት አቅሙ ስለሌለን አንዷን ክፍል አስቀርተን፣ ፈርሶ በተከፈተው በኩል ላስቲክ ወጥረን እዚያው እናድራለን። የሦስት ዓመት ልጅ አለችን፤ እኔም የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። አማቴ አስም አለባቸው። ኮርኒሱ የወረደ ዕለት ግቢው በጥቀርሻ ጨለመ፤ ከዚያ ወዲህ ሁላችንም እንስላለን። እኔን ደግሞ ጠዋት ጠዋት ራሴን ያመኛል። ከአቧራው ነው?

መልስ፦ ሳሉ ከአቧራው ሊሆን ይችላል። ይበልጥ ያሳሰበኝ የጠዋቱ ራስ ምታት ነውና ከእሱ ልጀምር። ማታ የከሰል ምድጃ አስገብታችሁ ነው የምትተኙት?

ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ አጥንት ይሰብራል፤ ሰው ከሰል ቢያስገባ አልፈርድበትም። ግን አሮጌውን ቤታችሁን ያስቡት። ግድግዳው ተሰነጣጥቋል፣ በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ነፋስ ይገባል። ያ ቀዳዳ ብርዱን ሲያስገባ የከሰሉንም ጋዝ ያስወጣ ነበር። አሁን አቧራው እንዳይገባ ብላችሁ ዙሪያውን በላስቲክ ደፍናችሁታል፤ ጋዙም መውጫ አጥቷል።

ብዙ ሰው ከሰሉ ፍም ከሆነና ጭሱ ካለፈ አይጎዳም ይላል። በዚህ እምነት ሰው ይሞታል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ ከቀላው ፍምም ይወጣል። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን በሚቀመጥበት ቦታ ይገባል፤ ደም ደግሞ ከኦክስጅን ይልቅ እሱን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። የደጋው አየር ከባሕር ጠረፍ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ገና ሲጀመር ትርፍ ኦክስጅን የለንም። የፅንስ ደም ጋዙን ከእናቱም ይበልጥ ስለሚይዝ፣ እርስዎን ራስ ምታት ብቻ ያመመ መጠን ልጁን የከፋ ሊጎዳ ይችላል።

መለያው እንዲህ ነው፤ ራስ ምታቱ ጠዋት ከክፍሉ ወጥተው ትንሽ ሲቆዩ ይለቅዎታል? ልጅቷስ ያጥወለውላታል፣ ትጫጫናለች? አንድ ክፍል ያደሩት ሁሉ አብረው ሲያማቸው ጉንፋን ነው ብለው አይለፉት። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ምድጃው ውጭ ይደር። መሞቅ ካለባችሁ ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠል፣ በሩ ተከፍቶ ሳትተኙ ሙቁት፣ ከዚያ ይውጣ። ለሌሊቱ አጎዛ ከሥር አንጥፉ፣ በጋቢ ላይ ጋቢ ደርቡ፣ ፍል ውኃ በጠርሙስ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ዘንድ አድርጉት። ከላስቲኩም ላይና ታች አንዳንድ ክንድ ክፍት ይተው። እርስዎ ደግሞ ራስ ምታቱ ቢለቅዎትም ነገ ጤና ጣቢያ ሄደው ስለ ከሰሉ ይንገሯቸው፤ የነፍሰ ጡር ራስ ምታት የደም ግፊትም ምልክት ሊሆን ስለሚችል አብሮ ይለካ። አንድ ሰው አልነቃ ካለ በሩን ከፍቶ፣ ጎትቶ አውጥቶ፣ ወደ ሆስፒታል ማሮጥ ነው። ወተት አትጋቱት፤ የሚያድነው ኦክስጅን ነው።

ወደ አቧራው ልመለስ። የአቡጀዲ ኮርኒስ ሲቀደድ የሚወርደው የሃያና የሠላሳ ዓመት የማገዶ ጥቀርሻ፣ የአይጥ ኩስና የምርጊት ትቢያ ነው። የቀረ ኮርኒስ ካለ ከሥሩ ቆሞ መቅደድ ይቅር፤ መጀመሪያ ውኃ ይረጭበት፣ ከዚያ ጫፍ ጫፉ ተይዞ ወደ ውስጥ እየተጠቀለለ ይውረድ። ግድግዳውም እየረጠበ ይፍረስ፤ የአይጥ ኩስ በደረቁ አይጠረግ። ነጠላ አፍ ላይ ማሰር ትልልቁን ትቢያ ይከላከላል እንጂ ደቃቁን አያግድም፤ ለሚያፈርሱት ከመድኃኒት ቤት ኤን 95 የሚባለውን ጭምብል መግዛት ይሻላል። እርስዎና ልጅቷ ግን በጭምብልም ቢሆን ፍርስራሹ ውስጥ አትግቡ። አማትዎ ማፍረሱ ባለበት ቀን ጎረቤት ይዋሉ። የአስም መድኃኒታቸውም ከዕቃው ጋር ካርቶን ውስጥ እንዳይታሸግ፤ ኪሳቸው ይሁን። ትንፋሽ ሲያጥር ካርቶን እየፈቱ መፈለግ የለም።

ጥያቄ፦ ዳባት ነው የምኖረው፤ ዕድሜዬ 48 ነው። በደቦ የጎረቤት ቤት ስናፈርስ የዛገ ሚስማር ጫማዬን አልፎ እግሬን ወጋኝ። ደሙ ጥቂት ነበር፤ ቤንዚን አፈሰስኩበት። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም ወንድሜ። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣው ዝገቱ ሳይሆን በአፈርና በእበት ውስጥ የሚኖር ተህዋስ ነው፤ የጭቃ ቤት ግድግዳ ደግሞ አፈር ነው፣ ከብት አብሮ ያደረበት ከሆነም እበት አለበት። ተህዋሱ አየር የማይደርስበትን ጠባብና ጥልቅ ቁስል ይወዳል፤ ብዙ ደም ያልፈሰሰበት ውጊት የሚያሰጋኝ ለዚህ ነው። ቤንዚን ሥጋውን ያቃጥላል እንጂ እዚያ ጥልቀት አይደርስም። በብዙ ንጹሕ ውኃና ሳሙና ይጠቡት፣ አጥብቀው አይሸፍኑት።

ደቦ የሚወጡ ጎልማሶች ይህን ልብ ይበሉልኝ። በአገራችን መደበኛው የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ሲሆን ገጠር እስኪዳረስ ብዙ ዘመን ወስዷል። ሴቶቻችን በእርግዝና ጊዜ የመንጋጋ ቆልፍን ክትባት ያገኛሉ። በእርስዎ ዕድሜ ያለ ወንድ ግን አንድም ጊዜ ሳይከተብ የኖረ ሊሆን ይችላል። በሽታው ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ አፍ አልከፈት፣ አንገት አልታጠፍ ሲል ከደረሰ ማዳኑ ከባድ ነው። ማፍረስ ሳይጀመር መከተብ ይቻላል።

ጥያቄ፦ የወለቁትን በርና መስኮቶች ለእንጀራ ምጣድ እያነደድናቸው ነው። ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው። አሮጌ የዘይት ቀለም እርሳስ የተባለው ማዕድን ሊኖርበት ይችላል፤ ሲነድ በጭሱና በአመዱ ይወጣል፣ የሕፃናትንም አእምሮ ይጎዳል። በቀለም ውስጥ የሚገባውን እርሳስ የሚገድብ ደንብ አገራችን ያወጣችው በቅርብ ዓመታት ነው፤ የእናንተ በር የተቀባው ከዚያ በፊት ይሆናል። ምስጥ እንዳይበላው የተቃጠለ የሞተር ዘይት የተቀባ ቋሚም አይንደድ። ያልተቀባው ማገርና ወራጅ ሚስማሩ እየተነቀለ ይንደድ፤ ሚስማሩም ልጅ የማይደርስበት ጣሳ ውስጥ ይጠራቀም።