የቱላ በቆሎና የፋብሪካው በር

በከተማችን በሐዋሳ የሚገኘው ጉትስ አግሮ ኢንዱስትሪ ከበቆሎ የታሸገ መክሰስ ይሠራል። እንዲህ ያለው ፋብሪካ ሲያድግ ወጣቱ ሥራ፣ ባለጋሪው ጭነት፣ ገበሬውም ለእህሉ ቅርብ ገበያ ያገኛል። ነገር ግን ፋብሪካ የሚያድገው ንጹሕና ደረቅ በቆሎ ሲቀርብለት ነው።

ሳይደርቅ የተከማቸ በቆሎ ይሻግታል። ሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ ሊያፈራ ይችላል፤ ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፣ በመፍጨትም በማብሰልም አይጠፋም። ስለዚህ ከፋብሪካ በር የተመለሰ የሻገተ በቆሎ ለልጆች አይበላም፤ ለምትታለብ ላምም አይሰጥም፣ መርዙ ወደ ወተት ያልፋልና።

ይህ እንዳይደርስባችሁ እንዲህ አድርጉ፦

1ኛ/ በቆሎውን በሸራ ወይም በሰሌን ላይ አስጡ እንጂ በባዶ መሬት አታስጡ።

2ኛ/ የነቀዘውንና የሻገተውን ፍሬ ለቅማችሁ አውጡ።

3ኛ/ በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት በቆሎና ደረቅ ጨው ጨምራችሁ፣ ከድናችሁ በደንብ ነቅንቁ። ጨው በጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ እንደገና አስጡት። ካልተጣበቀም ለጎተራ የሚስማማው 13 በመቶ ነውና ጥቂት ፀሐይ ጨምሩለት።

ደረቅ በቆሎ ለፋብሪካው ዕድገት፣ ለገበሬው ገንዘብ፣ ለቤተሰቡም ጤና ነው።