በውቅያኖስ ምልከታ መሳተፍ ምንድን ነው?

የውቅያኖስ ምልከታ ስንል የባሕሩን ሙቀት፣ ጨዋማነትና ከፍታ በታወቀ ዘዴ፣ ሳያቋርጡ መለካትና መመዝገብ ማለታችን ነው። አንድ ጊዜ ተለክቶ የሚቀር ነገር ጥናት ሊባል ይችላል፤ ምልከታ የሚያሰኘው ግን ቀጣይነቱ ነው።

ለምሳሌ አርጎ የተባሉትን ተንሳፋፊ መሣሪያዎች እንመልከት። ቁጥራቸው ወደ 4000 ይጠጋል። እያንዳንዱ መሣሪያ 1000 ሜትር ጥልቀት ላይ ሆኖ ከውሃው ጋር ይጓዛል። በየ10 ቀኑ እስከ 2000 ሜትር ይወርድና ሙቀቱንና ጨዋማነቱን እየለካ ወደ ላይ ይወጣል፤ ያገኘውንም በሳተላይት ይልካል። መረጃው ለማንም በነጻ ክፍት ነው።

እንግዲህ መረጃው ክፍት ከሆነ ታዳጊ አገሮች ምን ጎደላቸው? እዚህ ላይ መቀበልንና መሳተፍን እንለይ። መቀበል ሌላው የለካውን መውሰድ ነው። መሳተፍ ደግሞ የት፣ ምን፣ ለምን እንደሚለካ አብሮ መወሰን፣ መሣሪያውን መጠበቅና ቁጥሩ ትክክል መሆኑን መመርመር ነው። የተቀበለ ሁሉ ተሳትፏል ማለት አይደለም።

የመሳተፍ አስፈላጊነት በምዕራባዊው ሕንድ ውቅያኖስ ጎልቶ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2004 በውቅያኖሱ ላይ መልሕቅ የተጣለላቸው የመለኪያ ጣቢያዎች መተከል ሲጀምሩ፣ በሶማሊያ በኩል በነበረው የባሕር ላይ ውንብድና ምክንያት ምዕራባዊው ክፍል ለዓመታት ክፍተት ነበረበት። ይህ ውሃ ደግሞ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ምዕራቡ ከምሥራቁ ይልቅ ከወትሮው በላይ ሲሞቅ፣ ቦረናዎች ሀገያ፣ ሶማሌዎች ደይር የሚሉት የመኸር ወራት ዝናብ ብዙ ጊዜ ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ምሥራቅ አፍሪካን ያጥለቀለቀው ጎርፍ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነበር። ወደብ የሌላት ኢትዮጵያም የባሕሩ ነገር ይመለከታታል የምንለው ስለዚህ ነው።

ታዲያ ታዳጊ አገሮች እንዲሳተፉ የሚደረገው እገዛ ምን ይምሰል? ብዙዎች መሣሪያ መስጠት በቂ ይመስላቸዋል። ወደብ ላይ የተተከለ የባሕር ከፍታ መለኪያን አስቡ። ጨው ይበላዋል፣ ዛጎል ይለጠፍበታል፤ ንባቡም በየብስ ላይ ከተተከለ ቋሚ ምልክት ጋር በየጊዜው መመሳከር አለበት። ይህ ካልተደረገ ከፍ ያለው ባሕሩ ይሁን ወይስ ዝቅ ያለው መለኪያው የቆመበት ምሰሶ አይታወቅም። ስለዚህ ከመሣሪያው ጋር ባለሙያ፣ መለዋወጫና የማይቋረጥ በጀት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው የዓለም ውቅያኖስ ምልከታ አጋርነት ለታዳጊ አገሮች ወጣት ተመራማሪዎች የሚሰጠው ሥልጠና መልካም ጅምር ነው። ሠልጣኙ ሲመለስ የሚሠራበት ጣቢያ ካጣ ግን እውቀቱ ይባክናል፤ በእኔ አመለካከት ትልቁ ጉድለት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ባሕር የሌላቸው አገሮችም ድርሻ አላቸው። የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል ከየዝናቡ ወቅት በፊት የቀጣናውን ባለሙያዎች ሲሰበስብ የውቅያኖሱ ሙቀት ከትንበያው ዋና መነሻዎች አንዱ ነው። በዚያ ጉባኤ ላይ የሚቀመጥ ኢትዮጵያዊ የሜትዎሮሎጂ ባለሙያ መረጃው የት ላይ እንደሳሳ ለይቶ ማመልከትና ክፍተቱ እንዲሞላ መጠየቅ ይችላል።