የጨጓራ ባክቴሪያ፣ ኒኬልና አሲድ

የዩሪኤዝ ሥራ

ኢንዛይም በሕያው ሴል ውስጥ ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። በተለምዶ «የጨጓራ ባክቴሪያ» የሚባለው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ፣ ዩሪኤዝ የተባለውን ኢንዛይም በብዛት ያመርታል። ዩሪኤዝ በሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ዩሪያ (ለማዳበሪያ ከሚውለው ጋር አንድ ዓይነት ውሁድ ነው) ወደ አሞኒያና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል።

አሞኒያ ቤዝ በመሆኑ የአሲድን ኃይል ይሰብራል። በባዶ ጨጓራ ውስጥ ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ1 እስከ 2 ስለሚወርድ፣ ባክቴሪያው ያለ አሞኒያ አይሰነብትም።

የኒኬል ድርሻ

ፕሮቲኑ ብቻውን ዩሪያን አይነካም። ሥራው በሚከናወንበት ጎድጓዳ ስፍራ ሁለት የኒኬል አዮኖች (አዎንታዊ ሙል ያላቸው አቶሞች) ጎን ለጎን መቀመጥ አለባቸው። አዮኖቹ ዩሪያውን ይዘው ያቆዩታል፤ አጠገባቸው ያለውን ውኃም ከዩሪያው ጋር እንዲዋሐድ ያዘጋጁታል። ኬሚስቱ ጀምስ ሰምነር እ.ኤ.አ. በ1926 ዩሪኤዝን ከአንድ የቦሎቄ ዘመድ ዘር ክሪስታል አድርጎ ቢያወጣም፣ ኒኬሉ መኖሩ የታወቀው በ1975 ነው።

በዚህ ኢንዛይም ውስጥ ሌሎች ብረት አስተኔዎች ኒኬልን በሚገባ አይተኩም፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ ጠላት ናቸው። ብርና ሜርኩሪ በመግቢያው አጠገብ ካለው የሰልፈር አቶም ጋር ተጣብቀው ኢንዛይሙን ያግዱታል።

አሲድ የሚያደርሰው ጉዳት

አሲድን የሚከላከለው ኢንዛይም ራሱ አሲድ አይችልም። በደንብ የሚሠራው ከገለልተኛ እስከ ጥቂት ቤዛማ በሆነ ፈሳሽ ውስጥ ነው፤ ፒኤች ከ4 በታች ሲወርድ ይበላሻል። ምክንያቱ ፕሮቶን (የሃይድሮጂን አዮን) ነው። ፕሮቶኖች በአሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያዎች) ላይ ሲያርፉ ሙላቸውን ይለውጣሉ፤ የፕሮቲኑ እጥፋት ይፈታል፤ ኒኬሉን የጨበጡትም ይላላሉ።

በአሲድ የሚከፈት በር

ባክቴሪያው ኢንዛይሙን የሚያቆየው አሲዱ ብዙ በማይደርስበት በሴሉ ውስጥ ነው። በውስጠኛው ሽፋን ላይ ዩሪያ የሚያስገባ ዩሬአይ የተባለ ቦይ አለ። ውጪው አሲዳማ ሲሆን ይከፈታል፤ ፒኤች 7 ሲደርስ ይዘጋል። ባይዘጋ ኖሮ የተትረፈረፈው አሞኒያ ባክቴሪያውን ራሱን በገደለ ነበር።

በምርመራ የሚታየው

ከጨጓራ የተቆረጠች ቅንጣት ሥጋ ዩሪያና ቀለም ጠቋሚ (ፊኖል ሬድ) ባለበት ቢጫ ድብልቅ ላይ ስትቀመጥ፣ ባክቴሪያው ካለ አሞኒያው ፒኤችን ከፍ ያደርግና ቢጫው ወደ ሮዝ ይለወጣል። ኦሜፕራዞልን የመሰሉ አሲድ ቀናሽ መድኃኒቶች የባክቴሪያውን ብዛትና የኢንዛይሙን ሥራ ስለሚቀንሱ፣ ባክቴሪያው እያለ ውጤቱ «የለም» ሊል ይችላል። ከምርመራው በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል እንዲቋረጡ የሚታዘዘው ለዚህ ነው።