ትዌንቲ ቱ ጠመንጃ ለመግዛት ላሰባችሁ

ዴንቨርና አውሮራ አካባቢ ታክሲና የጭነት መኪና የሚነዱ፣ በሆስፒታልና በአውሮፕላን ማረፊያ በፈረቃ የሚሠሩ ወገኖቻችን የዕረፍት ቀናቸውን ተራራ ላይ ማሳለፍ ሲጀምሩ፣ ድንኳኑና የዓሣ መንጠቆው ከተገዛ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ለመዝናኛም ለክፉ ቀንም የምትሆን ቀለል ያለች ጠመንጃ የትኛዋ ናት? ሱቅ ገብታችሁ ይህን ብትጠይቁ ሻጩ መደርደሪያው ላይ ካሉት ቀላሏን ያወርድላችኋል። ከመቀበላችሁ በፊት ግን አንድ ነገር እወቁልኝ። ጠመንጃ ክብደቷ በቀነሰ ቁጥር ለመሸከም ትመቻለች፣ ዒላማ ለመምታት ግን ታስቸግራለች። ስለዚህ ከስሟና ከዋጋዋ በፊት መወሰን ያለበት፣ ብዙውን ጊዜ የምትውለው ቦርሳ ውስጥ ነው ወይስ ትከሻችሁ ላይ የሚለው ነው።

የምናወራው ስለ ትዌንቲ ቱ ሎንግ ራይፍል ነው፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1887 ጀምሮ ስላለችው ትንሽ ጥይት። ቀለሁን ገልብጣችሁ ብታዩት እንደ ክላሽ ጥይት መሐሉ ላይ ክብ መለኮሻ የለውም። እሳት የሚጭረው ቅመም ያለው በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ፣ ዙሪያውን ነው። መርፌው የሚመታውም ያንኑ ጠርዝ ነው፤ የተተኮሰ ቀለህ ብታነሡ ጠርዙ ላይ አንዲት ትንሽ ስርጉድ ታያላችሁ። ቅመሙ ዙሪያውን እኩል ሳይዳረስ ቀርቶ መርፌው ባዶውን ቦታ ካገኘ ጥይቷ አትነሣም። ታዋቂ ፋብሪካ ያመረታትም ብትሆን አልፎ አልፎ የምትከሽፈው ለዚህ ነው። ስትከሽፍባችሁ አፈሙዙን ከዒላማው አቅጣጫ ሳታነሡ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁና ክፈቱ። ድምፅዋ ከወትሮው ደከም ካለ ደግሞ ዐረሩ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ጠመንጃዋን ባዶ አድርጋችሁ ውስጡን ሳታዩ ሁለተኛ አትተኩሱ።

ዐረሯ 2.6 ግራም ገደማ ናት። ትከሻ ላይ የምትራገጠው ለቁጥር የሚገባ አይደለም፣ ዋጋዋም ከሌሎቹ ጥይቶች ይረክሳል፣ 100 ጥይት ብትይዙ ክብደቱ 350 ግራም አይሞላም። ጀማሪ የሚማርባት፣ መንገደኛም የሚመርጣት በእነዚህ ምክንያቶች ነው።

ስለ ክፉ ቀኑ በግልጽ እንነጋገር። ትዌንቲ ቱ ጥንቸልና ሽኮኮ ትጥላለች። ለድብ አትሆንም፤ አቁስላ ታስቆጣዋለች። ለአጋዘንና ለኤልክም ኮሎራዶ ውስጥ ሕጉ ራሱ ከ6 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጠመንጃ አይፈቅድም። ጥንቸል መትታችሁ ብትበሉ እንኳ ሥጋዋ ስብ የለሽ በመሆኑ ሌላ ምግብ ሳይጨመርበት ለሳምንታት ቢበላ ሰውነትን ይጎዳል፤ በሰሜኑ በረዶ አገር የኖሩ ሰዎች ይህን ከጥንት ያውቁታል። ኢንተርስቴት 70 ተዘግቶ በረዶ ውስጥ ስታድሩ የሚያድናችሁ ብርድ ልብስ፣ ውኃ፣ የተሞላ ስልክና ግማሽ ታንክ ነዳጅ ነው። የጭነት መኪና ነጂዎች ደግሞ ይህን ልብ በሉ፤ ብዙ ድርጅቶች በመኪናቸው ውስጥ መሣሪያ እንዲያዝ አይፈቅዱም፣ የየስቴቱም ሕግ ይለያያል። ለሥራ በምትነዱት መኪና አትያዙ።

ይህን ሁሉ አውቃችሁም ጫካ ርቃችሁ የምትሄዱ፣ ጀልባ ላይ የምታድሩ ከሆነ ታጣፊዎቹ ጠመንጃዎች ሊታዩ ይገባቸዋል። በ1950ዎቹ አርማላይት የተባለው ኩባንያ ለአሜሪካ አየር ኃይል አብራሪዎች ኤአር-5 የምትባል ጠመንጃ ሠርቶ ነበር። ከእሷ የተወለደችውና ለሕዝብ ገበያ የወጣችው ኤአር-7 ናት፤ ንድፏም የኤም-16 አባት የሚባለው የዩጂን ስቶነር ነው። ዛሬ ሄንሪ የተባለው ፋብሪካ ያመርታታል። ክብደቷ 3.5 ፓውንድ፣ ማለትም 1.6 ኪሎ ገደማ ነው። የሰደፉን መክደኛ ስትከፍቱ አፈሙዙ፣ አካሉና ካዝናው በየቦታቸው ተሰክተው ታገኟቸዋላችሁ። አካሉን ከሰደፉ ጋር በአንድ ብሎን ታጠብቃላችሁ፣ አፈሙዙን ሰክታችሁ ቀለበቱን በእጅ ታዞራላችሁ፣ አለቀ። ተዘግታ ስትቀመጥ ርዝመቷ 42 ሴንቲ ሜትር ነው።

ያለ ጥርጥር የረቀቀች ሥራ ናት። ግን ለመማሪያ አልመክራትም። የኋላው ማነጣጠሪያ አካሉ ላይ፣ የፊቱ አፈሙዙ ላይ ስለሆነ ያ በእጅ የጠበቀ ቀለበት ትንሽ ከላላ ዒላማችሁ ይዛነፋል። ሰደፉ ሁሉን ለመያዝ የተሠራ ስለሆነ ወፍራም ነው፣ ጉንጭ ላይ አይመችም። ጥይትም ትመርጣለች፤ ፈጣኗንና ጫፏ ክብ የሆነችውን ካላገኘች ማጉረስ ትሰንፋለች። ጣልያን የሚሠራት ቺያፓ ሊትል ባጀር ደግሞ ከዚህም ትቀላለች፤ ሰደፏ ሽቦ ብቻ ነው፣ አንድ አንድ ጥይት ነው የምትጎርሰው። እንዲህ ያለችውን ቀላል ጠመንጃ ቆማችሁ ብታነጣጥሩባት ትንፋሻችሁና የልብ ትርታችሁ ሳይቀር አፈሙዙን ሲያወዛውዘው ታያላችሁ። በእሷ የሚጀምር ሰው መምታት የማይችል እየመሰለው ተስፋ ይቆርጣል፤ ጥፋቱ ግን የእሱ አይደለም።

ሁለቱንም ሥራ በአንድ ጠመንጃ ካላችሁ፣ መካከለኛዋ ሩገር 10/22 ናት። ከ1964 ጀምሮ የምትሠራ፣ ራሷ የምታጎርስ፣ 10 ጥይት በሚይዝ ክብ ካዝና የምትሠራ ናት። ከ2012 ወዲህ ለሁለት ተከፍላ ቦርሳ ውስጥ የምትገባ ዓይነትም አለች፤ ክብደቷ ወደ 2.1 ኪሎ ይጠጋል። መለዋወጫዋ በየሱቁ ይገኛል፣ ብልሽቷን የማያውቅ ጠጋኝ የለም። ለሁለት የምትከፈለዋን ከገዛችሁ ግን በገጠማችኋት ቁጥር ወረቀት ላይ ጥቂት ተኩሳችሁ አረጋግጡ፤ ስኮፑ አካሉ ላይ ተቀምጦ አፈሙዙ የሚነቀል በመሆኑ መምቻው ትንሽ ሊሸራተት ይችላል።

እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው የምመክረው ግን ሌላ ነው፤ መቀርቀሪያዋን በእጅ እየሳባችሁ የምታጎርሷት፣ ከ2.3 እስከ 2.8 ኪሎ የምትመዝን ጠመንጃ። ሳቬጅ፣ ሩገር አሜሪካን፣ ሲዜድ ጥሩ ጥሩ አላቸው። መቀርቀሪያው ሲከፈት ጥይት መኖር አለመኖሩ በዓይን ይታያል፣ ይህም ልጅ ለሚያስተምር ወላጅ ትልቅ ነገር ነው። ከተኩስ ወደ ተኩስ እጅ ስለሚሠራ ሰው ረጋ ብሎ ያነጣጥራል፣ ጥይትም አይባክንም። ደካማዋንም ፈጣኗንም ጥይት ያለ ችግር ትቀበላለች።

ሱቅ ውስጥ የምርቱን ስም ትታችሁ ልክነቷን ፈትሹ። ሻጩ ባዶ መሆኗን ካሳያችሁ በኋላ፣ ራሳችሁም ጣታችሁን አስገብታችሁ ካረጋገጣችሁ በኋላ፣ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አዙራችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑና ትከሻችሁ ላይ አድርጓት። ዓይናችሁን ስትገልጡ ማነጣጠሪያው ፊት ለፊታችሁ መሆን አለበት። አንገታችሁን ካስረዘማችሁ፣ አገጫችሁን ካነሣችሁ ወይም እጃችሁ ቃታው ጋ ለመድረስ ከተንጠራራ ሰደፉ ልካችሁ አይደለም። ይህ በተለይ አጠር ላሉ ሴቶችና ለወጣቶች ይሠራል፤ ለወንድ ቁመት የተሠራውን ይዘው የሚታገሉ ብዙዎች ናቸው። ሰደፉ አጠር ተደርጎ የተሠራ ዓይነት ጠይቁ፣ አለ። ቃታውንም ሳቡት፤ እየተንፏቀቀ የሚመጣ ሳይሆን በንጹሕ ቁርጥ የሚል ይሁን። ከመሳባችሁ በፊት ግን ሻጩን አስፈቅዱ፤ በብዙ ትዌንቲ ቱ ጠመንጃዎች ላይ ባዶውን መሳብ መርፌውን ጥይቱ ከሚገባበት የአፈሙዙ የኋላ ጠርዝ ጋር ያጋጫል። ያገለገለ ስትገዙም መጀመሪያ የምታዩት ያንኑ ቦታ ነው። መርፌው የሚያርፍበት ጠርዝ ከተሰረጎደ፣ ወይም የአፈሙዙ ጫፍ በመጥረጊያ ዘንግ ከተበላ ቢረክስም ተዉት።

ከገዛችሁ በኋላ የሚቀረው ጥይት መምረጥ ነው፤ ሰዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ሁለት ተመሳሳይ ጠመንጃዎች ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን ቢወጡ እንኳ የሚወዱት ጥይት ይለያያል። ባለ 50 ፍሬ ጥይት ከአራት ወይም ከአምስት ዓይነት አንዳንድ ፓኬት ግዙ። በ50 ያርድ ላይ፣ አሸዋ ከረጢት ደግፋችሁ፣ ከእያንዳንዱ አምስት አምስት እየተኮሳችሁ ቀዳዳዎቹ ምን ያህል እንደተሰበሰቡ እዩ። አምስቱም ኳርተር ሳንቲም ውስጥ ከገቡ ጥይታችሁን አግኝታችኋል፤ ከዚያ በኋላ ያንኑ በብዛት ግዙ። ውድ ስኮፕ ከመግዛት ይህ ይበልጣል።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ ለእኛ ለስደተኞች ስሕተቱ ከገንዘብ ያልፋል። በፌዴራል ሕግ ከሻጭ ረጅም ጠመንጃ ለመግዛት ዕድሜ 18 ነው፣ ኮሎራዶ ግን 21 አድርጎታል፣ ቢያንስ የ3 ቀን መጠበቂያም አለው። ፎርም 4473 ትሞላላችሁ፣ ማንነታችሁ ይጣራል። ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል። በቱሪስት፣ በተማሪ ወይም በሥራ ቪዛ ያለ ሰው ግን እንደ አደን ፈቃድ ያለ ልዩ ሁኔታ ካልያዘ በስተቀር ጠመንጃም ጥይትም መያዝ አይችልም። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ፈጽሞ አይችልም። ጉዳያችሁ በጥገኝነት ወይም በጊዜያዊ ከለላ ላይ ያለ ከሆነ ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ሳትነጋገሩ ሱቅ አትግቡ። በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት ሰውም የተከለከለ ነው። ፎርሙ ላይ ስለ ማሪዋና ይጠየቃል፤ በኮሎራዶ ሕግ መፈቀዱ በፌዴራሉ ፎርም ላይ አይሠራም። የመሣሪያ ወንጀል ዜጋ ላልሆነ ሰው ከአገር ለመባረር ምክንያት ይሆናል።

አንድ ነገር በተለይ አደራ። እርስ በርስ መደጋገፍ ባህላችን ነው፤ «ወረቀቴ አልደረሰም፣ በአንተ ስም ግዛልኝ» የሚል ወዳጅ ቢመጣ ግን በፍቅር እንቢ በሉት። ለሌላ ሰው እየገዙ ለራሴ ነው ብሎ መፈረም የፌዴራል ወንጀል ነው፤ ከ2022 ወዲህ መግዛት ለተከለከለ ሰው መግዛት እስከ 15 ዓመት እስራት ያስቀጣል። ኮሎራዶ ውስጥ ከግለሰብ ስትገዙም ማጣራቱ ግዴታ ነው። ለአገር ቤት ዘመድ ስጦታ ይሆናል ብላችሁ አታስቡ፤ እዚህ የመላኪያ ፈቃድ፣ እዚያ ደግሞ የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ይጠብቃችኋል።

ለመተኮሻ በአሜሪካ ብሔራዊ ደን ውስጥ ከመኖሪያ፣ ከሕንፃና ከድንኳን ሰፈር ቢያንስ 150 ያርድ መራቅ፣ መንገድና ውኃ አቋርጦ አለመተኮስ ግዴታ ነው። የጥይት ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ይህች ትንሽ ዐረር 1.5 ማይል ትሄዳለች። ከዒላማው ጀርባ የአፈር ጉብታ ከሌለ አትተኩሱ። ጆሯችሁንና ዓይናችሁን ሸፍኑ።

እርሳሱን ደግሞ አትናቁ። ብዙዎቹ የትዌንቲ ቱ ዐረሮች ያልተሸፈነ እርሳስ ናቸው፣ የሚያቀጣጥላቸው ቅመምም እርሳስ አለበት። በእጃችን እንጀራ የምንበላ ሰዎች ነን፤ ምሳ ይዛችሁ ከወጣችሁ ሳህኑ ከመከፈቱ በፊት ሁሉም በሳሙናና በውኃ ይታጠብ። ቤት ስትገቡ ልብሱን ለብቻ እጠቡ፣ ልጅ ከማቀፋችሁ በፊት ለውጡ።

ኮሎራዶ ከ1949 መጀመሪያ ወዲህ የተወለደ ሰው የአደን ፈቃድ ለማውጣት የአዳኝ ትምህርት እንዲወስድ ያስገድዳል። ለማደን ባታስቡም እንኳ ውሰዱት፤ ጠመንጃ አያያዝ ከዘመድ በወሬ ከሚማሩት በተሻለ ይሰጣል።

በጀታችሁን ስትሠሩ የቁልፍ ሳጥኑን ዋጋ አስቀድማችሁ ቀንሱ። ጠመንጃው በቁልፍ፣ ጥይቱ በሌላ ቁልፍ፣ መክፈቻው ልጆች በማያውቁት ቦታ። ቤታችሁ ውስጥ ያዘነ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ መኖር የሰለቸው የሚመስል ሰው ካለ ደግሞ ጠመንጃው ለጊዜው በሕግ ከቤት ወጥቶ ሌላ ቦታ ይቀመጥ፤ ገና ካልገዛችሁ ግዢውን ለሌላ ጊዜ አቆዩት።